ሐኪም ሳይሆኑ የቀሩት የቺካጎው የሙዚቃ መምህር

ናት ኪንግ ኮልን፣ ዳይና ዋሽንግተንን ወይም ጆኒ ግሪፊንን የሚያውቅ የሙዚቃ አፍቃሪ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይጠፋም። እነዚህና ሌሎች በርካታ ስመ ጥር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች በወጣትነታቸው በአንድ መምህር እጅ ማለፋቸውን የሚያውቅ ሰው ግን ከቺካጎ ከተማ ውጭ እምብዛም የለም። መምህሩ ዋልተር ሄንሪ ዳየት ይባላሉ። በደቡብ ቺካጎ የሚታወቁት ካፒቴን ዳየት በሚለው መጠሪያቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ያስተማሩት በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር።

ዳየት የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ1901 በሚዙሪ ክፍለ ግዛት፣ በሴንት ጆሴፍ ከተማ ነው። ያደጉት በካሊፎርኒያ ሲሆን ቫዮሊን የጀመሩት ገና በልጅነታቸው ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ክላርኔት፣ ባሱንና ከበሮ ጨመሩበት። ለወደፊቱ ያሰቡት ሙያ ግን ሕክምና ነበር። በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና የሚያበቃውን ትምህርት እየተከታተሉ፣ በዩኒቨርሲቲው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በኢሊኖይ ሕክምና ለመማር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ቺካጎ መጡ። ዕድሉን ግን አልተጠቀሙበትም። ቤተሰብ የመርዳት ኃላፊነት ስለ ወደቀባቸው ወዲያው ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ መፈለግ ነበረባቸው። በእጃቸው የነበረው ሙያ ደግሞ ቫዮሊን መጫወት ነበር።

በዚያን ጊዜ በቺካጎ አንድ ጥቁር ቫዮሊን ተጫዋች እንጀራውን የሚያገኘው በፊልም ቤት ነበር። ፊልሞቹ ድምፅ ስላልነበራቸው፣ ትልልቆቹ ቲያትሮች ከመጋረጃው ፊት ኦርኬስትራ አስቀምጠው ያስጫውቱ ነበር። ዳየት በአርስኪን ቴት መሪነት በቬንዶም ቲያትር ይጫወት ከነበረው ኦርኬስትራ ጋር ሠሩ። ሉዊስ አርምስትሮንግም በዚሁ ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫውቷል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ግን ድምፅ ያለው ፊልም መጣና ይህን የገቢ ምንጭ አደረቀው። በየከተማው በሺህ የሚቆጠሩ የቲያትር ሙዚቀኞች ሥራ አጥ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ተከተለ።

ዳየት በ1931 በደቡብ ቺካጎ በሚገኘው የዌንደል ፊሊፕስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ሆነው የተቀጠሩት በዚህ ወቅት ነበር። ካፒቴን የሚለውን መጠሪያ ያገኙት ከኢሊኖይ ብሔራዊ ዘብ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮችና መኮንኖች ብቻ ያገለግሉበት የነበረውን የስምንተኛውን እግረኛ ክፍለ ጦር የሙዚቃ ጓድ ይመሩ ነበር። ማዕረጉ በኢትዮጵያ ሠራዊት አጠራር ሻምበል ማለት ነው። የጦር ሠራዊቱን ሥርዓትም ይዘውት ወደ ክፍል ገቡ።

ትምህርት ቤቱ ግን የጦር ሠራዊት አቅም አልነበረውም። ከ1910ዎቹ አንሥቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ከደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች የዘር ጥቃትና ድህነት ሸሽተው ወደ ቺካጎ ገብተዋል። ለጥቁሮች ቤት አለመሸጥንና አለማከራየትን የሚያስገድዱ ውሎች በከተማዋ ስለ ተስፋፉ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ በደቡብ ቺካጎ በአንድ ጠባብ ቀበቶ መሬት ላይ ታጭቆ ይኖር ነበር። የአካባቢው ትምህርት ቤቶችም አብረው ተጨናነቁ። በ1935 አዲስ ሕንፃ ተከፈተ። በዓመቱም የቺካጎ መሥራች ተብሎ በሚታወቀው ጥቁር ነጋዴ በዣን ባፕቲስት ፖይንት ዱ ሳብል ስም ዱሳብል ተባለ። ለኢትዮጵያውያን ይህ ዓመትና ይህ ሰፈር እንግዳ አይደሉም። ፋሺስት ጣልያንን ለመዋጋት ኢትዮጵያ የገባው አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የደቡብ ቺካጎ ሰው ነበር። በ1935 የጣልያንን ወረራ የተቃወሙ ሰልፈኞች በፖሊስ የተበተኑትም በዚሁ አካባቢ ነው።

አዲሱ ሕንፃም ቢሆን ብዙም ሳይቆይ ከአቅሙ በላይ ሞላ። ሙዚቃ መማር ለሚፈልገው ተማሪ ሁሉ መሣሪያ መግዛት የማይታሰብ ነበር። የወላጆች ደመወዝ ለቤት ኪራይ እንኳ በማይበቃበት ዘመን ሳክስፎን ግዛልኝ ማለት የሚችል ልጅ ጥቂት ነው። ዳየት ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ከሁሉ በላይ ስማቸውን ያስጠራው ሥራ ሆነ። በየዓመቱ ሃይጂንክስ የተባለ የሙዚቃና የቀልድ ትርኢት ማዘጋጀት ጀመሩ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ያጅባሉ። ሕዝቡ ቲኬት ገዝቶ ይገባል። ከቲኬቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለባንዱ መሣሪያና ኖታ መግዣ ይውላል።

ትርኢቱ ከገንዘብም በላይ ጥቅም ነበረው። ልጆቹ ወላጅ ስለ ሆነ ብቻ በሚያጨበጭብ ታዳሚ ፊት አልቆሙም። ከፍሎ የገባው ሰው የሰፈሩን ታላላቅ ዳንስ ቤቶችና ቲያትሮች የሚያውቅ፣ ዱክ ኤሊንግተንንና ካውንት ቤዚን በአካል ያየ ሕዝብ ነበር። ዳየት የትርኢቱን ጥራት የለኩት በባለሙያ መስፈርት እንጂ በትምህርት ቤት በዓል ወግ አልነበረም። ከዚህም አልፈው ከበሰሉ ተማሪዎችና ከቀድሞ ተማሪዎች ባንዶችን አደራጅተው በከተማው ግብዣዎችና የዳንስ ዝግጅቶች በክፍያ እንዲሠሩ አደረጉ። አንዳንዶቹም ከትምህርት ቤት ሳይወጡ የሙዚቀኞች ማኅበር አባል ሆኑ። የቺካጎ ሙዚቀኞች ማኅበር በዘር የተከፈለ ሲሆን ጥቁሮቹ የራሳቸው ቅርንጫፍ ነበራቸው። ቁጥሩ 208 የሆነው ይህ ቅርንጫፍ ከነጮቹ ጋር የተዋሐደው በ1966 ነው።

ክፍል ውስጥ ዳየት የሚፈሩ ሰው ነበሩ። አንድ መቶ ከሚጠጉ ተጫዋቾች መካከል የተሳሳተችውን አንዲት ድምፅ ከነባለቤቷ ለይተው ያወጡ ነበር ይባላል። ያልተለማመደን ተማሪ ከልምምዱ ያባርሩታል፤ በቀጣዩ ቀን ተለማምዶ ሲመጣ ግን በሩ ክፍት ነው። ቁጣቸውና ስድባቸውም የታወቀ ነበር። ዛሬ አንድ መምህር በዚህ መንገድ አስተምር ቢል ከሳምንት በላይ የሚቆይ አይመስልም፤ ከባንዱ ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች ታሪክም አልተጻፈም። ጸንተው የቆዩት ግን እስከ እርጅናቸው ድረስ ስለ እርሳቸው ሲናገሩ ቁጣውን ከምስጋና ጋር ቀላቅለው ነው።

ከእነዚህ አንዱ ጆኒ ግሪፊን ነበር። ልጁ ከእርሱ ቀደም ብሎ በዱሳብል የተማረውን ጂን አመንስን ሲጫወት አይቶ በቴነር ሳክስፎን ፍቅር ተነደፈ። ዱሳብል እንደ ገባ ቴነር ለመያዝ ቢጓጓም ዳየት አልፈቀዱለትም። ቁመቱ ለቴነር አይበቃም አሉት፤ ደግሞም መጀመሪያ ክላርኔት መማር ነበረበት። ክላርኔትን የተካነ ጣትና ከንፈር ሳክስፎን ላይ አይቸገርም፤ በሌላ አቅጣጫ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ግሪፊን ክላርኔት ተማረ፣ ቀጥሎ ኦቦ፣ ከዚያ አልቶ ሳክስፎን። በ1945 ትምህርቱን በጨረሰ በሦስተኛው ቀን ስመ ጥሩውን የላየነል ሃምፕተንን ባንድ ተቀላቀለ። ከባንዱ ጋር ወደ ኦሃዮ ተጉዞ መድረክ ሊወጣ ሲል ግን የተፈለገው ለቴነር መሆኑ ተነገረው። ወደ ቺካጎ ተመልሶ ቴነር ፍለጋ ገባ። በኋላ በዓለም ፈጣኑ የቴነር ተጫዋች የተባለው ይህ ሰው ነው።

የሪቻርድ ዴቪስ ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ዴቪስ በዱሳብል ከዳየት ኮንትራባስ ተማረ። በ1947 የቺካጎ ወጣቶች ኦርኬስትራ በኦርኬስትራ አዳራሽ የመጀመሪያውን ዝግጅቱን ሲያቀርብ ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበር። ቀጥሎ ዳየት ራሳቸው በተማሩበት በቫንደርኩክ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፤ ከቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ባስ ተጫዋችም ትምህርት ወሰደ። ይሁንና በዚያ ዘመን ታላላቆቹ የአሜሪካ ሲምፎኒዎች ለጥቁር ተጫዋች በራቸው ዝግ ነበር። በ1891 የተመሠረተው የቺካጎ ሲምፎኒ የመጀመሪያውን ጥቁር አሜሪካዊ አባሉን የተቀበለው በ2002 ነው። ዴቪስ በጃዝ ታላቅ ስም አተረፈ፤ ከስትራቪንስኪ ጋር እስከ መሥራትም ደረሰ፤ በ1977 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ አሥርተ ዓመታት አስተማረ።

የዳየትን የማስተማር ዘዴ ትርጉም የሚያሳየው ይህ የተዘጋ በር ይመስላል። ልጆቹን ክላሲካል ሙዚቃ አጥብቀው ያስተማሩት፣ ኖታ ማንበብን የግድ ያደረጉት ሲምፎኒው እንደማይቀጥራቸው እያወቁ ነው። በሌላ በኩል ዳንስ ቤቱም፣ ፊልም ቤቱም፣ የቀረጻ ስቱዲዮውም ኖታ ለሚያነብ ተጫዋች ይከፍላል። ዳየት ራሳቸው አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ያለፉ ሰው ነበሩ። በማስተማር ላይ እያሉም መማራቸውን አላቆሙም፤ በ1938 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1942 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሙዚቃ አገኙ።

ከእጃቸው ከወጡት ሴቶች መካከል ፒያኖ ተጫዋቿ ዶረቲ ዶኔጋን ትጠቀሳለች፤ በ1943 በቺካጎ ኦርኬስትራ አዳራሽ ዝግጅቷን ባቀረበችበት ጊዜ ዕድሜዋ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነበር። ዘፋኙ ጆኒ ሃርትማን፣ ሳክስፎን ተጫዋቾቹ ቮን ፍሪማን፣ ኤዲ ሃሪስ፣ ክሊፎርድ ጆርዳንና ጆን ጊልሞርም የዱሳብል ልጆች ናቸው። በ1960ዎቹ የጃዝን ድንበር ከገፉት የቺካጎ ሙዚቀኞች መካከልም ጆሴፍ ጃርማንና ቫዮሊን ተጫዋቹ ሌሮይ ጄንኪንስ ከዚሁ ክፍል የወጡ ናቸው። የዳየት ተማሪዎች በአጨዋወት አይመሳሰሉም። የቴነር ተጫዋቾቹን ብቻ አንድ በአንድ ያዳመጠ ሰው ከአንድ መምህር ተማሩ ብሎ ለመገመት ይቸገራል።

ዳየት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጡረታ ወጡ። በኅዳር 1969 ዐረፉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በደቡብ ቺካጎ ዋሽንግተን ፓርክ ውስጥ በስማቸው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እርሱም በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ሆነ። የዱሳብል ሕንፃ በ2013 የቺካጎ ቅርስ ተብሎ ሲመዘገብ፣ በስማቸው የተሰየመው ትምህርት ቤት ግን እየተዘጋ ነበር። የከተማዋ የትምህርት ቦርድ በ2012 ደረጃ በደረጃ እንዲዘጋ ወስኖ ስለ ነበር፣ የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች በ2015 ተመርቀው ሲወጡ በሩ ተቆለፈ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ አሥራ ሰባት የሰፈሩ ወላጆች፣ አያቶችና ተሟጋቾች ምግብ አንበላም ብለው ተቀመጡ። አድማው 34 ቀን ዘለቀ፤ በመካከሉ ሆስፒታል የገቡም ነበሩ። ከተማዋ ትምህርት ቤቱ እንደገና እንዲከፈት የፈቀደችው ገና አድማው ሳያበቃ ነው፤ የተፈቀደው ግን አድመኞቹ የጠየቁት ዓይነት ትምህርት ቤት አልነበረም። እነርሱ በዓለም አቀፍ አመራርና በአረንጓዴ ቴክኖሎጂ ላይ የሚያተኩር እንዲሆን ነበር የፈለጉት። ከተማዋ የወሰነችው ለሥነ ጥበብ ሲሆን፣ በ2016 መስከረም ዋልተር ኤች ዳየት የሥነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተብሎ አዲስ ተማሪዎችን ተቀበለ።