ሐንስ ፒተር ሉን፤ ፍለጋን በስሌት የተካው መሐንዲስ

ሐንስ ፒተር ሉን በ1896 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ በባርመን ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የሕትመት ባለሙያ ስለ ነበሩ ልጁም የቤተ ሰቡን ሙያ እንዲይዝ ታስቦ የማተም ጥበብን ለመማር ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግን ትምህርቱን አቋረጠውና በጀርመን ጦር ውስጥ የመገናኛ መኰንን ሆኖ አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ ፊቱን ወደ ጨርቃ ጨርቅ ሥራ መለሰ፤ ይኸው ሥራም ወደ አሜሪካ አደረሰው። በዚያም ሉኖሜትር የተባለውን መለኪያ ፈለሰፈ። መሣሪያው በጨርቅ ላይ ያለውን የክር ብዛት አንድ በአንድ ሳይቈጥሩ ለማወቅ የሚያስችል ነው። ሳይቈጥሩ ቍጥርን ማወቅ፣ ኋላም ሳይፈልጉ ማግኘት፣ የዚህ ሰው የአእምሮ ጠባይ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1941 አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ በምርምር መሐንዲስነት ቀጠረው። በዘመኑ ከ80 የሚበልጡ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቧል። ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው ኮምፒዩተር ሥራ የተረፈው ሐሳቡ ግን የፈጠራ መብት ያልወጣለት፣ በጥር 1953 ለኩባንያው የውስጥ መጻጻፊያ ያዘጋጀው ማስታወሻ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ከብዙ መዛግብት መካከል አንዱን ለማግኘት ወይ ከመጀመሪያው አንሥቶ ማየት፣ ወይም መዛግብቱን በፊደል ተራ ደርድሮ በየጊዜው እኩሌታውን እየጣሉ መፈለግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ለ1,000,000 መዛግብት 20 ያህል ማነጻጸር ብቻ ይጠይቃል፤ ነገር ግን አዲስ መዝገብ በገባ ቍጥር ተራውን መጠበቅ ግድ ነው። ሉን ሁለቱንም ትቶ፣ የመዝገቡ ቁልፍ ራሱ ወደ ቍጥር እንዲሰላና ቍጥሩም መዝገቡ የሚቀመጥበትን ባልዲ እንዲያመለክት አደረገ። ሁለት ቁልፎች አንድ ባልዲ ላይ ቢገናኙ በሰንሰለት ይያያዛሉ። ዛሬ ሃሽ ሠንጠረዥ የምንለው ይህ ነው። ማስታወሻው ለሕዝብ ሳይታተም በመቅረቱ በ1956 ስለ ዘዴው ጽፎ ያሳተመው አርኖልድ ዱሚ ሆነ፤ ለሉን ቀዳሚነቱን የመሰከረለት የዶናልድ ክኑት መጽሐፍ በ1973 ወጣ።

ሐሳቡ ዛሬ በብዛት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሲ ነው። ብራያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ ስለ ቋንቋው በጻፉት መጽሐፍ፣ በ1988ቱ ሁለተኛ እትም፣ 101 ሰንሰለቶች ያሉት ሠንጠረዥ ይገኛል፤ ስሌቱም የተደመረውን በ31 እያባዛ የቃሉን ባይቶች ሁሉ ይጨምራል። ይህ ለቃላት ብቻ የተሠራ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ለማንኛውም ዓይነት ቁልፍ እንዲያገለግል ከተፈለገ፣ ዓይነቱ ያልተወሰነ ጠቋሚ መያዝና ሁለት ፋንክሽኖችን ከተጠቃሚው መቀበል ያሻል፤ አንደኛው ቁልፉን ወደ ቍጥር የሚያሰላ፣ ሁለተኛው የሁለት ቁልፎችን እኩልነት የሚፈርድ። ሁለቱም መስማማት አለባቸው፤ እኩል የተባሉ ቁልፎች እኩል ቍጥር ሊወጣላቸው ይገባል።

ለአማርኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ ያሉ ሰፈሮችን፣ ቤተልን፣ አየር ጤናንና ዓለም ባንክን በሠንጠረዥ እናስገባ። ዓለም ባንክን አንዱ በዐይኑ ዓ፣ ሌላው በአልፋው አ ይጽፈዋል። እኩልነትን የሚፈርደው ፋንክሽን ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲቈጥር አስሊው ግን ቢለያያቸው፣ መዝገቡ በአንድ ባልዲ ገብቶ በሌላ ባልዲ ይፈለጋል፤ እዚያው እያለም የለም ይባላል። ሌላም አለ። በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ሲይዝ፣ በተለመዱት ፊደላት የመጀመሪያው ባይት ምንጊዜም 225 ነው፤ ሁለተኛውም ከ136 እስከ 141 ካሉት ከስድስቱ አይወጣም። ስለዚህ በመጀመሪያው ባይት ብቻ የሚያሰላ ፋንክሽን ሦስቱንም ሰፈሮች በአንድ ባልዲ ያከማችና ሉን ያስቀረውን ሰልፍ መልሶ ያመጣዋል። ከዚህም በላይ በብዙ ማሽኖች የሲ ባይት ምልክት ያለው ስለሆነ ከ127 የሚበልጠው ሁሉ ነጌቲቭ ይሆናል፤ አስቀድሞ ምልክት ወደሌለው ካልተለወጠ ስሌቱ ከሠንጠረዡ ውጭ ያለ ቦታ ሊያመለክት ይችላል።

የሉን ስም በሕዝብ ዘንድ የተጠራው ግን በዚህ ሁሉ ሳይሆን በማረጋገጫ አኃዙ ነው፤ ማመልከቻውን በ1954 አስገብቶ በ1960 መብቱን አገኘ። የባንክ ካርድ ቍጥርና የእያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ስልክ 15 አኃዝ መለያ መጨረሻቸው በዚሁ ስሌት የሚገኝ ነው። በ1958 ደግሞ ማሽን የጽሑፍን ፍሬ ነገር መርጦ የሚያሳጥርበትን ዘዴ አሳተመ። በ1961 ጡረታ ወጣ፤ ሥራውን ግን አልተወም፤ በ1964 የአሜሪካ የዶኩመንቴሽን ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በኒው ዮርክ ግዛት በአርሞንክ አረፈ። ሲ ቋንቋ የተሠራው ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል ቈይቶ ነው።