ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ እና የሌቃ ቁርጥ ግብር

በወለጋ ምድር ስማቸው እስከ ዛሬ ከሚነሣው መኳንንት አንዱ፣ በልጅነት ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ከጥምቀት በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ናቸው። የነቀምት ሰው በከተማው ያለውን አሮጌ ቤተ መንግሥት በኩምሳ ሞረዳ ስም ነው የሚጠራው። እኛ ዛሬ ታሪካቸውን የምናነሣው ስለ ጦር ሜዳ ጀግንነት ለማውራት አይደለም። ተማሪውና ወጣቱ ሹም ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው፤ ይኸውም አንድ ግዛት ለማዕከላዊው መንግሥት የሚከፍለው ተወስኖለት በውስጥ ጉዳዩ ግን ራሱን ሲያስተዳድር፣ ጥቅሙ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው።

የገዥነቱን መሠረት የጣሉት አያታቸው በከሬ ጎዳና ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የሌቃ ኦሮሞ ጎሳዎች እርስ በርሳቸው በሚዋጉበት ጊዜ፣ በጦርም በብልሃትም አይለው፣ በገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ይዛወር የነበረውን ሥልጣን በአንድ ቤት አስቀሩት። ልጃቸው ሞረዳ በከሬ ግዛቱን አሰፉ። በእርሳቸው ዘመን ግን የምዕራቡን አገር ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚመኙ ሁለት ታላላቅ ኃይሎች ቀረቡ፤ ከዓባይ ማዶ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ከምሥራቅ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ። ሁለቱ በ1874 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ በሆሮ ጉዱሩ ምድር እምባቦ ላይ ተዋግተው የጎጃሙ ንጉሥ ተማረኩ። ሞረዳ የራስ ጎበና ዳጬን ኃይል አስቀድመው መዝነው ነበርና ከሸዋ ወገን ቆሙ፤ ክርስትናም ተነሡ፤ የደጃዝማችነት ማዕርግም አገኙ።

ይህ ምርጫ ምን ያህል እንደ ጠቀማቸው ለመረዳት ወደ ሌላው አገር ማየት ይበቃል። የወላይታው ንጉሥ ጦና በ1887 ዓ.ም. ተዋግተው ሲሸነፉ አገራቸው እንዴት እንደ ተመዘበረ የታወቀ ነው። በውድ የገቡት የጅማው አባ ጅፋርና የሌቃው ሞረዳ ግን በአባቶቻቸው አልጋ ተቀመጡ። ግዛታቸው በየዓመቱ ለቤተ መንግሥት የሚያገባው ግብር ቁርጥ ሆነ፤ የባላገሩን ጉልበትና እህል የሚበላ ሠፋሪ ወታደርም እንደ ሌላው አገር በብዛት አልተመደበባቸውም።

ሞረዳ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1889 ሲሞቱ ወራሹ ኩምሳ ሆኑ። አንድ የግዛት አለቃ ቁርጥ ግብር ሲጣልበት በመጀመሪያ የሚያስበው ግብሩን ከየት እንደሚያመጣ ነው። ከሌቃ የሚፈለገው ከሁሉ በፊት ወርቅ ነበር፤ ወርቁ ደግሞ በብዛት የሚታጠበው ከነቀምት በስተ ምዕራብ፣ ወደ ነጆና ወደ ቤኒ ሻንጉል በሚወስደው አገር ባሉት ወንዞች ነው። ስለዚህ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ለመክፈል መነገድ፣ ለመነገድም መንገድና ገበያን ማስጠበቅ ግድ ሆነባቸው። የወርቁ ወቄት፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ማሩ በነቀምት አልፎ ወደ ሸዋ ሲሄድ፣ አሞሌውና የማርያ ትሬዛ ብር በዚያው መንገድ ይመለስ ነበር። የባሪያ ንግድም በዚያ ዘመን ከዚሁ ገበያ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባንም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ፣ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም መውረድ ጀመረ፤ ደምቢ ዶሎም ያን ጊዜ ሳዮ ተብላ የነጋዴ ከተማ ሆነች።

ቁርጥ ማለት ግን በወረቀት ላይ ነው። በዘመናችን ተመራማሪዎች ሰብስበው ያሳተሙት የወለጋ መኳንንት የአማርኛ ደብዳቤ ብዙ ነው፤ ያን የሚያነብ ሰው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ትእዛዝ ስንት ዓይነት እንደ ነበረ ያያል። ደጃዝማቹ ግን በሥልጣን ለመቆየት ይህን ሁሉ ችለው ኖሩ። ጎረቤታቸው የሌቃ ቄለሙ ደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ይህ ዕድል አልቀናቸውም፤ ታስረው ግዛታቸው ከእጃቸው ወጣ።

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ራስን የማስተዳደር ፈቃዳቸውን ለግብር ብቻ አላዋሉትም። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው ካሳተሙ በኋላ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1904 ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ነቀምት ሲመጡ፣ ደጃዝማቹ በደስታ ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ካህናቱ ኦነሲሞስን በአቡነ ማቴዎስ ፊት ከስሰው ማስተማራቸው በታገደ ጊዜ እንኳ ሰውየው ከነቀምት ምድር አልጠፉም። ይህን ያህል መከታ መሆን ቀላል ድፍረት አይመስለንም።

ከዚህ ላይ ወደ ሩቅ አገር ዞር ብንል አንባቢ አይቀየመን። በአሜሪካ ኅብረት በ1791 በጸደቀው የሕገ መንግሥታቸው አሥረኛ ማሻሻያ፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ያልተሰጠና ለየክፍለ ግዛቱ ያልተከለከለ ሥልጣን ለየክፍለ ግዛቱ ወይም ለሕዝቡ የተጠበቀ ነው። ወግ አጥባቂና የነጻ ገበያ ደጋፊ የሚባሉት የዚያ አገር ሰዎች በዚህ ተመርኩዘው፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ግብሩን ዝቅ አድርጎና ወስኖ ነጋዴን ይሳብ፣ ገበያውንም ለቀቅ ያድርግ ይላሉ። በ1978 የካሊፎርንያ ሕዝብ በቤትና በመሬት ላይ የሚጣለው ግብር ከተገመተው ዋጋ ከመቶ 1 እጅ እንዳይበልጥ በድምፁ ወሰነ። የእነዚህን ሰዎች አሳብ የሚወድ ሰው ሌቃን ሲያይ ወንድም አገር ያገኘ ሊመስለው ይችላል፤ ግብሩ የተወሰነ ነው፣ ማዕከሉ ሩቅ ነው፣ ገበያው ንቁ ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። በካሊፎርንያ ጣሪያው የተሠራው ለባለ ቤቱ ነው። በሌቃ ግን ጣሪያው የተሠራው ለገዥው ነበር፤ ከገዥው በታች ያለው ገበሬ ምን ያህል እንደሚከፍል የሚወስን ቁርጥ አልነበረውም። አዲስ አበባ የጠየቀችው በጨመረ ቁጥር፣ ደጃዝማቹ ጭማሪውን የሚያወጡት ከዚያው ገበሬ ነበር።

ይህ ነገር በግልጥ የታየው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1910 በወለጋ መሬት በተደለደለ ጊዜ ነው። የሌቃ ሰው መሬቱን የሚያውቀው በአባቶቹ ስም፣ በወንዙና በዛፉ ነበር። ገመድ ወጥቶ መሬቱ ሲለካና ሲከፋፈል፣ መክፈል የሚችለው ባለ ጋሻ መሬት ሆነ፤ ያልቻለው ደግሞ አያቱ ባረሰው ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። የመለካቱ ደጋፊዎች መሬት ከተለካ ባለቤቱ ይታወቃል፣ ሊሸጥና ሊለወጥም ይችላል ቢሉ በመርሁ ሐሰት አይደለም። ጥያቄው ገመዱ በማን እጅ ነበር የሚለው ነው። ያን ጊዜ ገመዱ የነበረው በሹማምንቱ እጅ ነው፤ ከድልድሉ በሰፊው የተጠቀሙትም እነርሱና ዘመዶቻቸው ሆኑ። እኛ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርን አገራቸውን ከጦርነት ስላዳኑ እናመሰግናቸዋለን፤ በዚህኛው ሥራቸው ግን የሚመሰገኑ ሆነው አላገኘናቸውም።

ደጃዝማቹ ከዳግማዊ ምኒልክ ዕረፍት በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖረው ሲሞቱ፣ ልጃቸው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር በቦታቸው ተተኩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዥን ደመወዝተኛ ሲያደርገው፣ ግብርም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ሲገባ፣ የሌቃ ቁርጥ ግብር አበቃ። ክልሎች የራሳቸውን ግብር የመጣል ሥልጣናቸው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 ተደንግጓል፤ በዚያም ላይ የግል ገበሬውና የግለሰብ ነጋዴው ግብር ለክልሉ ተሰጥቶ ይገኛል። በገመድ የመጣው ጭሰኝነት ግን ከሥርወ መንግሥቱም ከቁርጥ ግብሩም ዕድሜ በልጦ፣ የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ በነቀምት ዙሪያ ኖረ።