ሹመት ያልፈለጉት የሕዝብ ሰው፦ ጃያፕራካሽ ናራያን

ሕንዶች ባጭሩ ጄ.ፒ. እያሉ የሚጠሯቸው ጃያፕራካሽ ናራያን እ.ኤ.አ. በ1902 በጋንጋ ወንዝ አጠገብ በሲታብዲያራ መንደር ተወለዱ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። ይሁንና ማሕተመ ጋንዲ ወጣቶች ከእንግሊዝ መንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲወጡ ጥሪ ሲያደርጉ፣ ፈተናው ጥቂት ቀን ሲቀረው ኮሌጁን ጥለው ወጡ። በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ገንዘብ ስላልነበራቸው ወይን እየለቀሙ፣ ሳህን እያጠቡ፣ በፋብሪካም እየሠሩ ሰባት ዓመት ቆዩ።

አገራቸው ተመልሰው ከነፃነት ታጋዮች ጋር ተሰለፉ። በ1942 ዲዋሊ በተባለው የመብራት በዓል ሌሊት፣ ልብስ ቋጥረው ገመድ በማድረግ ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር ከሃዛሪባግ እስር ቤት አመለጡ። በዓመቱ ተይዘው በላሆር ምሽግ ብዙ ሥቃይ አዩ።

ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ብዙዎች የጠቅላይ ሚኒስትር ኔሩ ተተኪ ይሆናሉ ብለው ጠብቀው ነበር። እሳቸው ግን በ1954 ቀሪ ዕድሜያቸውን ለቪኖባ ባቬ እንቅስቃሴ ሰጡ። ቪኖባ በእግራቸው እየዞሩ ባለርስቶችን ለመሬት አልባ ገበሬዎች መሬት ይለምኑ ነበር። ለጄ.ፒ. ዲሞክራሲ ማለት የምርጫ ቀን ብቻ አልነበረም፤ የመንደሩ ሰው ራሱ ተሰብስቦ ስለ ውሃው፣ ስለ መሬቱና ስለ ልጆቹ መምከር ነበረበት። በ1958 እስራኤል መጥተው ኪቡጾችን ባዩ ጊዜም የትብብር ኑሯቸውን ወደዱት። በ1972 በቻምባል ሸለቆ በመቶ የሚቆጠሩ ሽፍቶች በእሳቸው አማላጅነት መሣሪያቸውን አስረከቡ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በእርጅናቸው ነው። በ1974 የቢሃር ተማሪዎች በኑሮ ውድነትና በጉቦ ተማረው ተነሡና እንዲመሯቸው ለመኗቸው። ሁከት እንዳይኖር ቃል አስገብተው እሺ አሉ። በሥልጣን ላይ የነበሩት ኢንዲራ ጋንዲ የወዳጃቸው የኔሩ ልጅ ናቸው፤ የኢንዲራ እናትና የጄ.ፒ. ባለቤትም የልብ ጓደኛሞች ነበሩ። እንደ ልጅ የሚያዩትን ሰው መቃወም ከባድ ቢሆንም ወዳጅነቱን ከሕዝብ ጉዳይ አላስቀደሙም።

ጁን 25 ቀን 1975 ደልሂ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲናገሩ፣ ፖሊስና ወታደር ሕገ ወጥ ትእዛዝ እንዳይፈጽም ጠየቁ። በዚያው ሌሊት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሳይነጋም ተያዙ። ጋዜጦች አፋቸው ተለጎመ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ታሰሩ። ጄ.ፒ. በእስር ላይ እንዳሉ ኩላሊታቸው ሥራውን አቆመ። በኖቬምበር ሲለቀቁ ቀሪ ዘመናቸውን በዲያሊዛ ነበር የኖሩት።

በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው በ1976 ለዜጎች መብት የሚሟገት ማኅበር መሠረቱ፤ የተከፋፈሉትን ተቃዋሚዎችም አስታረቁ። በማርች 1977 ሕዝቡ ጥይት ሳይተኮስ በድምፁ መንግሥቱን ለወጠ። ጄ.ፒ. ሹመት አልያዙም። አዲሶቹ ባለሥልጣናት ግን እርስ በርስ ተጣሉ፤ መንግሥታቸው በጁላይ 1979 ወደቀ። በዚያው ዓመት በማርች፣ ሞተዋል ተብሎ በስህተት በፓርላማ ተነግሮላቸው ነበር። ያረፉት ኦክቶበር 8 ቀን 1979 በፓትና ከተማ ነው።

ያቋቋሙት መንግሥት ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ማኅበሩ ግን ቆየ። በ2001 ስለ ረሀብተኞች ክስ አቅርቦ፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች በየቀኑ የበሰለ ምሳ እንዲሰጥ አዘዘ።