የመጫወቻ ጭነት መኪኖችን ለዓለም ያስተዋወቁት የሒሳብ ሠራተኛ ፍራንክ ሆርንቢ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማን፣ መተሐራንና አዋሽን አቋርጦ ወደ ወደብ የሚዘልቀው መንገድ ለረዥም ዘመን የከባድ ጭነት መኪኖች መተላለፊያ ሆኖ ያገለገለ ነው። በአሰብ ዘመን በዚህ መስመር ከታወቁት መኪኖች አንዱ በአሽከርካሪዎች ዘንድ “ኤንትሬ” የሚባለው ፊያት 682 ሲሆን፣ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ልጆችም ያዩትን መኪና ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከቆርኪ እየሠሩ ይጫወቱ ነበር። ይኸው ፊያት 682 በጣሊያን ቱሪን ከተማ በመርኩሪ ኩባንያ አማካይነት በመዳፍ ላይ በሚያርፍ መጠን ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ ለገበያ ቀርቦ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ የአሮጌ መጫወቻ መኪኖች ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው ዕቃዎች አንዱ ሆኗል።

የዚህ ዓይነቱን መጫወቻ በመሥራት በአሜሪካ የቺካጎው ዳውስት ኩባንያ ቀዳሚ ቢሆንም፣ በአውሮፓ ሥራውን ያስፋፉትና ለሰብሳቢዎች መነሻ የሆነውን ስም ያተረፉት እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ ናቸው።

ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1863 በሊቨርፑል ከተማ ከአንድ የምግብ ሸቀጥ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። በ16 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው በአባታቸው ድርጅት በገንዘብ ያዥነት ሠሩ። አባታቸው በ1899 ሲያርፉ ድርጅቱ በመዘጋቱ በአንድ የሥጋ አስመጪ ዘንድ በሒሳብ መዝገብ ያዥነት ተቀጠሩ። በወቅቱ ዕድሜያቸው 36 ዓመት የደረሰ፣ የምህንድስና ሥልጠና የሌላቸው፣ በደመወዝ የሚተዳደሩ የቤተሰብ ኃላፊ ነበሩ።

በትርፍ ጊዜያቸው ለልጆቻቸው ከብረት ወረቀት ድልድይና የክብደት ማንሻ ይሠሩ የነበሩት ሆርንቢ፣ ለእያንዳንዱ መጫወቻ አዲስ ክፍል መቁረጥ አሰልቺ ሆነባቸው። በዚህም ምክንያት በሁሉም ክፍል ላይ በግማሽ ኢንች ርቀት እኩል ቀዳዳ ቢበሳ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር በብሎን እየታሰረ እየተፈታ ብዙ ነገር ሊሠራበት እንደሚችል ተገነዘቡ። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ይሁንና የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ የሚያስፈልገው ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም። አሠሪያቸው ዴቪድ ኤልዮት 5 ፓውንድ አበደሯቸው፤ መብቱም በ1901 ተመዘገበ። ኤልዮት የሥራ ቦታ ከመስጠታቸውም በላይ ሸሪካቸው ሆኑ።

ሆርንቢ ቋሚ ሥራቸውን የለቀቁት በ1907 ነው። በዚያው ዓመት “መካኖ” የሚለው የንግድ ምልክት የተመዘገበ ሲሆን፣ በ1914 በሊቨርፑል ቢንስ ሮድ ትልቁ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1920 የመጫወቻ ባቡሮች ተከተሉ።

የጭነት መኪኖቹ የተወለዱት ለእነዚህ ባቡሮች አጃቢ ሆነው ነው። በ1933 መገባደጃ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ እንዲቆሙ የታሰቡ ስድስት ተሽከርካሪዎች በአንድ ሣጥን ቀረቡ፤ ከእነርሱም አንዱ የጭነት መኪና፣ አንዱ የዕቃ ማመላለሻ፣ አንዱም የእርሻ ትራክተር ነበር። በ1934 “ዲንኪ ቶይስ” የሚል ስም ወጣላቸው። ዛሬ ብዙ ሰብሳቢዎች የሚከተሉት 1 ለ43 የተሰኘው መጠን መነሻው የዚያን ጊዜው የባቡር ልኬት ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የተሠሩት እርሳስ ከበዛበት ውህድ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ በዚንክ ውህድ ተተካ። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚንኩ ውስጥ እጅግ ጥቂት እርሳስ እንኳ ከገባ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይፈረፈራል። ሙቀትና እርጥበት ጉዳቱን ያፋጥኑታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት መኪኖች መካከል ባለቤቱ ሳይነካቸው በሣጥናቸው እንዳሉ የተበላሹ ይገኛሉ። ሰብሳቢዎች ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ በሆነ ቦታ ቢያስቀምጧቸውም፣ አንድ ጊዜ በሽታው የጀመረው ብረት ግን አይድንም።

ሆርንቢ በ1931 የኤቨርተን ምርጫ ክልልን ወክለው የወግ አጥባቂው ፓርቲ የፓርላማ አባል ሆኑ፤ እስከ 1935 አገልግለው በመስከረም 1936 በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ፋብሪካቸው በ1979 ተዘግቷል። በ1937 የተሠራና የአንድ ብስክሌት መደብር ማስታወቂያ የተጻፈበት የዲንኪ ዕቃ ማመላለሻ መኪና በ2008 በእንግሊዝ በጨረታ ወደ 20 ሺህ ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጧል።