ከዘጠኝ ለባዶ እስከ ዋንጫ

የኳሳችን ነገር በተነሳ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ 1954 ላይ ያርፋል። ላሊበላ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የአርሰናልን ጨዋታ የሚጠብቀው ልጅም፣ መርካቶ ያለው የጊዮርጊስ ደጋፊም የሚያውቋት አንዲት የአፍሪካ ዋንጫ ናት። የይድነቃቸው ተሰማ ስምም ከዚያች ዋንጫ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ዛሬ ግን ስለ ሽንፈቱ እናውራ። ምክንያቱም ሰውየው ከድል ይልቅ ከሽንፈት ጋር የኖሩበት ጊዜ ይበዛል።

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ፣ ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም ገደማ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረፁት ዝነኛው ግጥም አዋቂ ናቸው። ልጅየው ግን ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገብቶ ከኳስ ጋር ተዋደደ። በ1928 ዓ.ም የተመሰረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ውስጥ 23 ዓመት ተጫወቱ። ስማቸው በተነሳ ቁጥር የሚጠቀሰው ሂሳብ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል ይላል። ዛሬ አንድ አጥቂ በዓመት 15 ካገባ ከተማው አይበቃውም፣ እንግዲህ እናንተው አስቡት።

በተጫዋችነት ብቻ አላበቁም። የኳስን ህግ ወደ አማርኛ መለሱ፣ ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። በ1949 ዓ.ም ካፍ ካርቱም ላይ ሲመሰረትም ከመስራቾቹ መካከል ነበሩ።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ካርቱም ተካሄደ። አራት አገር ነበር የተመዘገበው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ካልሆነ ቡድን አልልክም አለች። ጥቁርና ነጭ አላቀላቅልም ማለቷ ነው። በዚህ የተነሳ ከውድድሩ ወጣች። የእሷ ተጋጣሚ እኛ ስለነበርን ብሔራዊ ቡድናችን አንድ ኳስ ሳይመታ ፍፃሜ ገባ! ፍፃሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈን። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው።

በ1951 ዓ.ም ካይሮ ላይ ሶስት ቡድን ብቻ ተሳተፈ። ግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ ሱዳን ደግሞ 1 ለ 0። በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ሶስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ገባብን፣ አንድም አላገባንም። ይሄ ዛሬ ቢሆን ፌዴሬሽኑም አሰልጣኙም በሬዲዮ አንድ ሳምንት ሲሰደቡ ይከርማሉ።

ሶስተኛው ውድድር ለአዲስ አበባ ተሰጠ። ቡድኑን የያዙት ይድነቃቸው ናቸው፣ ከዩጎዝላቪያዊው ሚሎሴቪች ጋር። መጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረቱ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በፍፃሜው የገጠመን ማን ይሁን? ያው ግብፅ! ሁለት ጊዜ አራት አራት ያገባችብን። ሁለቴ መርታ ሁለቴም አቻ ሆንን። ግርማ ተክሌ አንዷን አስተካከለ፣ ሁለተኛዋን መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባት። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ጨመረ፣ መንግስቱ ወርቁ ዘጋው። 4 ለ 2። ጃንሆይም ዋንጫውን ለሉቻኖ ሰጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አያወራውም። በ1958 ዓ.ም ቱኒዚያ ላይ ቱኒዚያ 4 ለ 0፣ ሴኔጋል 5 ለ 1 ቀጡን። በ1960 ዓ.ም በገዛ ሜዳችን በግማሽ ፍፃሜ ለኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፍን። በ1962 ዓ.ም ሱዳን ላይ ሶስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን፤ በኮትዲቯሩ 6 ለ 1 ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት አስቆጠረ። በቃ ቁልቁል!

ይድነቃቸው ግን በዚሁ ጊዜ ሽቅብ ይወጡ ነበር። ፊፋ ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ አልሰጥም ሲል፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አድማውን ከመሩት አንዱ እሳቸው ናቸው። አፍሪካ በሙሉ ቀረች። ለሚቀጥለው ዓለም ዋንጫ ቦታው ተሰጠ። በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የዘረኛዋን ደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ሳይለቁ ያዙት፣ በ1968 ዓ.ም ፊፋ ሙሉ ለሙሉ አባረራት።

የሚገርመው ያው 1968 ነው። የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ነበር፣ የካፍ ፕሬዚዳንቱ የኛው ሰው ናቸው፣ እኛ ግን ኡጋንዳን ብቻ አሸንፈን ከምድብ ወደቅን። ለኔ ይሄ የሚያሳየው ክብራቸውን ነው፤ አለቃው አበሻ ስለሆነ ማንም ጎል አልመረቀልንም። በ1974 ዓ.ም ሊቢያ ላይ ደግሞ ሶስት ጨዋታ ተጫውተን አንድም ጎል ሳናገባ ተመለስን። ይድነቃቸው በህይወት እያሉ አገራቸው ለመጨረሻ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ ላይ የታየችው ያኔ ነው። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም፣ ገና የካፍ ፕሬዚዳንት ሳሉ፣ ካንሰር ወሰዳቸው። 65 ዓመታቸው ነበር።

ከ31 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2005 ዓ.ም፣ ዋልያዎቹ ተመለሱ። አዘጋጇ አገር ደቡብ አፍሪካ ነበረች፣ ያቺው በ1949 በዘር ምክንያት ከውድድር የወጣችው። አሁን ጥቁሩም ነጩም አንድ ላይ ይጫወታል። አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ወጣን፣ ሰዉ በደስታ አበደ። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪናፋሶ ገጠመችን። ውጤቱ ልክ እንደ ካርቱሙ 4 ለ 0 ነበር።