ኋለኛውን ያስቀደመ መምህር

በጂንካና በደቡብ ኦሞ የሚያስተምር ካህን አሪኛ፥ ሐመርኛ፥ ዳሰነችኛና ሙርሲኛ በሚነገርበት አገር ይቆማል። ለእነዚህ ሁሉ ከወንጌሉ የትኛውን አስቀድሞ ይናገር? ለዚህ የሚረዳ ነገር በቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ሕይወት ስላገኘን ዜናውን በአጭሩ እናወሳለን። ዓመታቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ዮሐንስ በአንጾኪያ ተወለደ። የጦር መኰንን የነበረው አባቱ ቶሎ ስለ ሞተ እናቱ አንቱሳ በወጣትነቷ መበለት ሆና አሳደገችው። የንግግርን ጥበብ የተማረው ከአረማዊው ሊባንዮስ ነው። ከዚያም በተራራ መንኖ ኖረ፤ ተጋድሎው ጤናውን ስለ ጐዳው ወደ ከተማ ተመለሰ፤ በ386 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ።

ግሪኮች ሂስተሮን ፕሮተሮን የሚሉት የአነጋገር ስልት አለ፤ ይኸውም ኋላ የሆነውን ነገር አስቀድሞ መናገር ነው። ግዕዙን ወደ አማርኛ ስንመልስ ግሡን ከፊት ወደ ኋላ እንደምናወርደው ያለ አይደለም፤ የሚገለበጠው የነገሩ ተራ ነው እንጂ የቃሉ ብቻ አይደለም። ዮሐንስ በ390 ዓ.ም. ገደማ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ገና ከመግቢያው ገጠመው። ወንጌላዊው የጌታን ትውልድ ሲጀምር ብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድመውን አብርሃምን ትቶ ዳዊትን አስቀድሟል። ዮሐንስ ምክንያቱን ሲያስረዳ፥ ተስፋው ለሁለቱም ቢሰጥም የአብርሃሙ ከመራቁ የተነሣ ብዙ አይወሳም ነበር፤ የዳዊት ግን በክብሩም በዘመኑ ቅርበትም በሰው ሁሉ አፍ ነበረ አለ። እኛ ስማችንን ከራሳችን ጀምረን ወደ አባት፥ ከአባት ወደ አያት ስለምንቈጥር ይህ አያስደንቀን ይሆናል፤ ሳንጠይቅም የምናልፈው ስለዚህ ይመስለናል። ነገር ግን ተራውን በዘመን እናስተካክል ብሎ አብርሃምን የሚያስቀድም ሰባኪ የወንጌላዊውን አሳብ ይሰውርበታል። ከብት ጠባቂ ለሆነው ለሐመር ሰውም የእረኛው የዳዊት ነገር ቀድሞ ቢነገረው ሰሚው ከሚያውቀው ተነሣ እንጂ ሥርዓት ፈረሰ አያሰኝም።

በ398 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላም ሰሚውን አልረሳም። በከተማው ለነበሩት ጎታውያን ቤተ ክርስቲያን ሰጣቸው፤ በቋንቋቸው እንዲነበብላቸው አደረገ፤ እርሱም ራሱ በአስተርጓሚ ሰበከላቸው። ከንግሥት አውዶክስያ ጋር ስለ ተጣላ በ404 ዓ.ም. ተሰደደ፤ በ407 ዓ.ም. ከግዞት ወደ ግዞት ሲነዱት በመንገድ ላይ በኮማና ዐረፈ። ዐፅሙ በ438 ዓ.ም. ወደ ቍስጥንጥንያ ተመለሰ። ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት ላይ የተናገረውን ድርሳን በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰልን ከየመን የመጣው፥ ግዕዝንም በአገራችን የተማረው አባ ዕንባቆም ነው።