ሮበርት ኮክና ቱበርኩሊን

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በ1843 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሀርዝ ተራሮች በምትገኘው በክላውስታል ከተማ ተወለደ። አባቱ የማዕድን ሥራ ባለሙያ ስለ ነበር እኛ መሐንዲሶች ከዘመድ ብንቆጥረው አያስወቅሰንም። የወረዳ ሐኪም ሳለ በ1876 የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ጠባይ ገለጠ፤ በ1882 ደግሞ የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ አስታወቀ። ይህ በየመማሪያ መጽሐፉ ስለሚገኝ አልዘገይበትም።

እምብዛም የማይወሳው በ1890 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ኮክ ለቲቢ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ አሳተመ፤ የአሠራሩን ምስጢር ግን ሸሸገ። ይህ ለሳይንስ ሰው የሚገባ አልነበረም። በኋላ እንደ ታወቀው መድኃኒቱ ከባክቴሪያው እርባታ በግሊሰሪን የወጣ ጭማቂ ነበር፤ ቱበርኩሊንም ተባለ።

አስቀድሞ ሩብ ሲሲ ያህል በራሱ ክንድ ላይ ወጋ። ከሦስትና ከአራት ሰዓት በኋላ ሰውነቱን ይቆረጥመው፣ ያስለውና ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፤ ቀጥሎም ብርድ አንቀጠቀጠው፤ ትኩሳቱ 39.6 ዲግሪ ደረሰ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ቀለል አለው። በቲቢ በሽተኞች ላይ ግን 0.01 ሲሲ ብቻ ብርቱ ትኩሳት ያስነሣ ነበር። የፊታቸው ቆዳ በቲቢ የተበላ ሰዎች ሲወጉ ቁስሉ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ከዚያም ቅርፊት ሆኖ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ይረግፋል፤ ከሥሩ ንጹሕ ጠባሳ ይቀራል። ኮክም መባባሱን የመዳን ምልክት አድርጎ ወሰደው። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስሕተቱ በቆዳ ላይ የታየውን ዓይን ወደማይደርስበት ወደ ሳንባ ማሻገሩ ነው። ደግሞም መድኃኒቱ የታመመውን ሥጋ እንጂ ባክቴሪያውን እንደማይገድል ራሱ ጽፎ ነበር።

በሽተኞች ወደ በርሊን ጎረፉ። የተወጋው ሰው ሲያተኩሰውና ሳሉ ሲበረታ መድኃኒቱ ሠራ ተብሎ ተስፋ ይደረግ ነበር። በጃንዋሪ 1891 ሩዶልፍ ፊርኮቭ በአስከሬን ምርመራ ያየውን አቀረበ። ከቆዳ ላይ የሚረግፈው የሞተ ሥጋ ከሳንባ መውጫ አጥቶ፣ በሕይወት ያለው ባክቴሪያ ወደ ጤነኛው ክፍል ተሰራጭቶ አዲስ ቁስል አብቅሎ ተገኘ። በፕረሽያ የተሰበሰበው መግለጫ ደግሞ የውስጥ አካላቸው በቲቢ ከተያዘ 1,061 ሕሙማን መካከል የዳኑት 13፣ የሞቱት 46 መሆናቸውን አሳየ። ኮክ ወደ ግብፅ ሄደ።

ያ ትኩሳትና እብጠት ሰውነት ቀድሞ የሚያውቀውን ጠላት ሲያገኝ የሚያስነሣው የመከላከያ ቍጣ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ባክቴሪያውን በእርግጥ የሚገድል መድኃኒት እየወሰዱ ሳሉ እጢያቸው የሚያብጥ፣ ትኩሳታቸው ለጊዜው የሚያገረሽ በሽተኞች ዛሬም አሉ፤ በተለይ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት አዲስ የጀመሩት። ሐኪሙ ግን ጊዜያዊ ነው ከማለቱ በፊት ባክቴሪያው መድኃኒቱን መላመድ አለመላመዱን፣ በሽተኛው መድኃኒቱን በትክክል መዋጥ አለመዋጡን፣ ሌላ በሽታ መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። በ1890 እንዲህ ያለ ማጣሪያ አልነበረም።

ኮክ በ1905 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1907 ፒርኬ፣ በ1908 ማንቱ ቱበርኩሊንን ለቲቢ መመርመሪያ አዋሉት፤ በክንድ ቆዳ ላይ የሚነሣው እብጠት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በሚሊሜትር ይለካል። ፈውስ ይሆናል የተባለው መለኪያ ሆኖ ቀረ። ኮክ ይህን አይቶ በሜይ 27 ቀን 1910 በባደን ባደን ከተማ ዐረፈ።